ገመድ ያልታየበት ግዳጅ

ኦኪናዋ እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካኖች እጅ ነበረች (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ደሴቶቹ ለጃፓን ሲመለሱ፣ ቤ ቦንግ-ጊ የሚባሉ አንዲት ኮሪያዊት ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል። እዚያ ለመኖር የሚያስችል ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ መቼና እንዴት ወደ ኦኪናዋ እንደመጡ ማስረዳት አለባቸው። ለሠላሳ ዓመት ገደማ አፍነው የያዙትን ታሪክ ያወጡት ለዚህች ወረቀት ሲሉ ነው።

ቤ የደሃ ልጅ ነበሩ። በኮሪያ ሰሜናዊ ክፍል ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ አንድ ደላላ አገኛቸው። ሳይለፉ ገንዘብ የሚገኝበት ሞቃት አገር እንዳለ ነገራቸው። እዚያ ከዛፍ ሥር አፍን ከፍቶ መተኛት ብቻ ነው፣ ሙዙ ራሱ አፍ ውስጥ ይወድቃል አላቸው። በ1944 መጨረሻ ራሳቸውን ያገኙት ግን ቶካሺኪ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ የጃፓን ወታደሮች ለወሲብ በሚሰለፉበት ቤት ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ አገራቸው አልተመለሱም። ቋንቋ አያውቁም፣ ገንዘብ የላቸውም፣ ከምንም በላይ ደግሞ ሐፍረቱ ነበር። ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ ኖሩ።

በ1975 ጋዜጦች ጉዳዩን ጻፉት። ሶል ውስጥ ግን ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያኔ ደቡብ ኮሪያን የሚገዛው ወታደራዊው የፓርክ ቹንግ-ሂ መንግሥት ነው። ከጃፓን ገንዘብና ቴክኖሎጂ ይፈልጋል። የአንዲት አሮጊት ስሞታ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ዛሬ እንደ ቤ ለጃፓን ጦር ወሲብ የቀረቡት ሴቶች ጉዳይ ጃፓንንና ደቡብ ኮሪያን በየጊዜው የሚያፋጥጥ የዲፕሎማሲ ቁስል ሆኗል። ክርክሩን ስትከታተሉ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል፦ «ለመሆኑ ማን አስገደዳቸው?» እኔ እንደማየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ያሳተው ይኸው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው «ግዳጅ» ሲባል የሚታየው ወታደር በገመድ አስሮ የሚጎትታት ሴት ናት። ገመዱ ካልታየ ግዳጁም የለም ይላል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደነበር እንይ። የጃፓን ጦር እነዚህን ቤቶች መክፈት የጀመረው በ1932 ሻንግሃይ ውስጥ ነው። በብዛት የተስፋፉት ግን በ1937 ከቻይና ጋር ሙሉ ጦርነት ከተጀመረና በናንጂንግ ያ ሁሉ ጭፍጨፋና አስገድዶ መድፈር ከተፈጸመ በኋላ ነው። የጦር አዛዦቹ ስሌት ቀላል ነበር። ወታደሩ ሲቪሎችን እየደፈረ ሕዝቡን እንዳያነሳሳብን፣ በአባላዘር በሽታ እንዳያልቅብን፣ በየመጠጥ ቤቱም ምስጢር እንዳያወጣብን ቤት እንክፈትለት አሉ። አስገድዶ መድፈሩ አልቆመም። ቤቶቹ ግን ጦሩ በሄደበት ሁሉ ተከተሉት። ከማንቹሪያ እስከ በርማ፣ ከፊሊፒንስ እስከ ኢንዶኔዥያ ደረሱ።

ቤቱን የሚያስተዳድረው ብዙውን ጊዜ የግል ነጋዴ ነበር። የጦሩ እጅ ያላረፈበት ነገር ግን አልነበረም። ሴቶቹን በመርከብና በካሚዮን የሚያጓጉዘው ጦሩ ነው። የሚመረምራቸው የጦሩ ሐኪም ነው። ኮንዶሙን የሚያድለው ጦሩ ነው። ተራ ወታደሩ በስንት ሰዓት፣ መኮንኑ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ማን ስንት እንደሚከፍል ደንብ ያወጣው ጦሩ ነው። ሴቶቹን «ኢያንፉ» አሏቸው፣ «አጽናኝ ሴቶች» እንደማለት ነው። የተጽናናው ማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ኮሪያውያን ዛሬ ከበሬታ ሲሰጧቸው «ሃልሞኒ» ይሏቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። እኛ «እማማ» እንደምንለው።

ለምን በተለይ ኮሪያውያን በዙ? ቻይናውያን፣ ፊሊፒናውያን፣ ታይዋናውያን፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ጃፓናውያንና ደቾችም ነበሩበት። ኮሪያ ግን ከ1910 ጀምሮ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። ይህ በሕጉም ላይ ይታያል። ጃፓን በሴቶችና በሕፃናት ንግድ ላይ የወጣውን የ1921ዱን ዓለም አቀፍ ስምምነት ስትቀበል ቅኝ ግዛቶቿን አውጥታ ነው። በ1938 መጀመሪያም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ መመሪያ አወጣ። ከጃፓን ለዚህ ሥራ ወደ ቻይና የሚሄዱት ዕድሜያቸው 21 የሞላና ቀድሞም በሴተኛ አዳሪነት የሚኖሩ ብቻ ይሁኑ የሚል ነው። ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረም። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ፣ ወንድ የማታውቅ የገበሬ ልጅ፣ ከኮሪያ ስትወሰድ የሚያስቆማት ሕግ አልነበረም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ልጆቹን የሚጠብቀውን አጥር ያፈረሰ መንግሥት «እኔ በእጄ አልያዝኳቸውም» ቢል ምን ዋጋ አለው?

ዝምታው የተሰበረው በነሐሴ 1991 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የጃፓን ባለሥልጣን ፓርላማ ውስጥ ሲጠየቁ፣ ሴቶቹን ይዘው ይዞሩ የነበሩት የግል ነጋዴዎች ናቸው የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። ይህን የሰሙት፣ ራሳቸው በዚህ ያለፉት ኮሪያዊት ኪም ሃክ-ሱን ደማቸው ፈላ። የ67 ዓመት ሴት ናቸው። ባልም ልጅም ሞቶባቸዋል፣ የሚያፍርባቸው ዘመድ አልነበረም። ነሐሴ 14 ቀን በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ስማቸውንና ፊታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቶኪዮ ሄደው ክስ መሠረቱ።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ዮሺሚ ዮሺአኪ የሚባሉ የታሪክ ምሁር ነገሩን ሰሙ። የመከላከያ ቤተ መዛግብት ውስጥ ገብተው ሰነድ ፈለጉ። አገኙም። ከሰነዶቹ አንዱ በመጋቢት 1938 ከጦር ሚኒስቴር የወጣ ደብዳቤ ነው። መልማዮቹ በጦሩ ስም እየነገዱ፣ አፈና በሚመስል መንገድ ሴት እየሰበሰቡ በፖሊስ እስከመያዝ ደርሰዋል ይላል። መፍትሔ ያደረገው ግን ሥራውን ማቆም አልነበረም። የጦሩ ስም እንዳይጎድፍ መልማዮቹ በጥንቃቄ ይመረጡ፣ ከፖሊስ ጋርም ይተባበሩ ነው ያለው። ሰነዶቹ በጥር 1992 በአሳሂ ጋዜጣ ላይ ሲወጡ «የግል ነጋዴ» የሚለው መልስ አበቃለት። በነሐሴ 1993 የካቢኔ ዋና ጸሐፊው ኮኖ ዮሄይ ጦሩ በቀጥታም በተዘዋዋሪም እጁ እንዳለበት፣ ብዙዎቹ ሴቶች በማባበልና በማስገደድ ካለፈቃዳቸው መወሰዳቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አላለቀም። አንዱ ምክንያት ዮሺዳ ሴይጂ የሚባል ጃፓናዊ ጸሐፊ ነው። ጄጁ ደሴት ላይ ሴቶችን እንደ አውሬ አድነን ያዝን ብሎ ጽፎ ነበር። ታሪክ አጥኚዎች ደሴቲቱ ላይ ሄደው ሲያጣሩ ወሬው ውሃ የማያነሳ ሆኖ ተገኘ። አሳሂ በ2014 በእሱ ላይ የተመሠረቱትን ዘገባዎች ሰረዘ። ይህ ለካጆች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። አንድ ውሸታም ተገኘና መቶዎቹ እማማዎች ሁሉ ውሸታም ተባሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቤ ሺንዞም ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ2007፣ ባለሥልጣን ቤት ገብቶ አፍኖ የወሰደበት ማስረጃ የለም የሚለውን ክርክር ይዘው ወጥተው ነበር። ገመዱን አሳዩኝ እንደማለት ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ እንደ አንድ ወረቀት የተጎተተ ሰነድ ያለ አይመስለኝም። በነሐሴ 1944 የአሜሪካና የቻይና ጦር ሰሜን በርማ ውስጥ ሚቺናን ሲይዝ 20 ኮሪያውያን ሴቶች ተማረኩ። አሜሪካኖቹ መርምረዋቸው ቁጥር 49 የተባለውን ሪፖርት ጻፉ። ካጆች ይህን ሪፖርት በጣም ይወዱታል። ሴቶቹን ጦሩን ተከትለው የሚሄዱ ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው ይላልና። ገንዘብ ያገኙ ነበር፣ ከተማ ወጥተው ዕቃ ይገዙ ነበር፣ ከወታደሮች ጋር ሽርሽር ይወጡ ነበር የሚልም አለበት።

እሺ፣ ሪፖርቱን ሙሉውን እናንብበው። ደላሎቹ ለሴቶቹ የነገሯቸው ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ቁስለኛ መጠየቅና ፋሻ መጠቅለል እንደሆነ ነው። ብዙ ብር፣ የቤተሰብ ዕዳ መክፈያ፣ ቀላል ሥራ። ይህን አምነው ጥቂት መቶ የን ቀብድ ተቀበሉ። ያ ቀብድ ዕዳ ሆነ። ዕዳው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ለጦሩ ደንብና ለቤቱ ጌታ አሰራቸው። ተራ ወታደር 1.50 የን፣ የበታች ሹም 3፣ መኮንን 5 የን ይከፍላል። ከገቢው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ጌታው ይወስዳል። ከቀረው ላይ ደግሞ ለምግቡም ለዕቃውም በውድ ያስከፍላቸዋል። ከሃያዎቹ አሥራ ሁለቱ ሲመለመሉ 21 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ትንሿ ስትማረክ 19 ዓመቷ ነው፣ ከአገሯ ስትወጣ 17 ነበረች ማለት ነው።

እንግዲህ ይህቺን የ17 ዓመት ልጅ አስቧት። ቁስለኛ ልጠይቅ ብላ መርከብ ላይ ወጣች። ራንጉን ወረደች። አገሩን አታውቀውም፣ ቋንቋውን አትሰማም። ዙሪያዋ ጦርነት ነው። የምትመለስበት መርከብ የጦሩ ነው። «አልፈልግም» ብትል የት ትሄዳለች? ገመድ ምን ያደርጋል?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በየሰፈራችን የምናውቃት ልጅ አለች። ደላላ ጥሩ ደመወዝና ጥሩ ቤት ብሎ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ የላካት። ስትደርስ ፓስፖርቷ የተወሰደባት። በሩ ከውጭ የተቆለፈባት። ኤርፖርት የሄደችው በእግሯ ነው፣ ወረቀቱንም ፈርማለች። ግን «በፈቃዷ ነው የሄደችው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሰው ቢመጣ እናቷ ምን ትለዋለች? ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የኮሪያዋ ልጅ በር ላይ የቆመው ጦር ሠራዊት ነበር።

በ2021 የሃርቫርድ የሕግ ፕሮፌሰሩ ማርክ ራምዜየር ግንኙነቱ በውል የተመሠረተ ነበር የሚል ጽሑፍ አወጡ። የታሪክ ምሁራን አንድ ቀላል ነገር ጠየቋቸው፦ ውሉን አሳዩን። ከኮሪያውያን ሴቶች ጋር የተፈረመ አንድም ውል በእጃቸው አልነበረም። ሌላው እንደ ማስረጃ የሚመዘዘው የሙን ኦክ-ጁ የቁጠባ ደብተር ነው። በርማ የነበሩት ሙን ከ26 ሺህ የን በላይ በጦሩ ፖስታ ቤት ነበራቸው። ሀብታም ሆነው ነበር ይባላል። አብዛኛው ገንዘብ የገባው በ1945፣ በርማ ውስጥ የጦሩ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ወረቀት ብቻ ሆኖ በቀረበት ጊዜ መሆኑ ግን አይነገርም። በ1992 ጃፓን ሄደው ገንዘቤን ስጡኝ ሲሉም ጉዳዩ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በ1965 ባደረጉት ስምምነት ተዘግቷል ተባሉ። ሳያወጡት ሞቱ።

ቁጥሩስ? የጃፓኑ ምሁር ሃታ ኢኩሂኮ ከሁሉም አገር የተወሰዱትን በድምሩ 20 ሺህ ገደማ ያደርጓቸዋል። ዮሺሚ ከ50 ሺህ ያላነሰ ይላሉ። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው 200 ሺህ ነው። ጦሩ ሲሸነፍ ብዙ ወረቀት አቃጥሏል። ስለዚህ ሁሉም ግምት ነው፣ እኔም በቁጥሩ ላይ መጣላት ብዙ ትርጉም አይሰጠኝም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወጥተው በመንግሥት የተመዘገቡት 240 ብቻ ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት አሥር አይሞሉም።

የ1965ቱ ስምምነት ሁለቱ አገሮች የታረቁበት ነው። ጃፓን 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን በብድር ሰጠች። የይገባኛል ጥያቄ ሁሉ «ሙሉ በሙሉና በመጨረሻ» ተፈታ ተባለ። ገንዘቡ ፋብሪካና መንገድ ሆነ። ስለ ሴቶቹ በድርድሩ ላይ ማንም አልተናገረላቸውም። በ1995 ጃፓን የእስያ ሴቶች ፈንድ የሚባል አቋቋመች። ለእያንዳንዷ 2 ሚሊዮን የን ካሳ ከሕዝብ መዋጮ ሰብስባ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የይቅርታ ደብዳቤ ጋር ሰጠች። ኮሪያ ውስጥ ብዙዎቹ አንቀበልም አሉ። ከውጭ ለሚያይ ግትርነት ሊመስል ይችላል። የእነሱ ነገር ግን ግልጽ ነበር። መዋጮ ምጽዋት ነው፤ እኛ የምንፈልገው መንግሥት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከራሱ ካዝና እንዲከፍል ነው አሉ። ገንዘቡን የተቀበሉ 61 ኮሪያውያን ደግሞ በአገራቸው ሰው ተወገዙ። ይህም ሌላ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዲት የተራበች አሮጊት የሰጧትን ብትወስድ ማን ነው የሚፈርድባት?

በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ሁለቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሶል ላይ ቆመው «የመጨረሻና የማይቀለበስ» ያሉትን ስምምነት አወጁ። ጃፓን 1 ቢሊዮን የን ከመንግሥት በጀት ትሰጣለች። ኮሪያ ደግሞ በጃፓን ኤምባሲ ፊት ስላለው ሐውልት መፍትሔ ትፈልጋለች። እማማዎቹን ግን ማንም አላማከራቸውም። ስምምነቱን እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ነው የሰሙት። በሕይወት ከነበሩት አብዛኞቹ ገንዘቡን ቢቀበሉም ቅሬታው አልበረደም። በ2018 ኮሪያ በገንዘቡ የተቋቋመውን ፋውንዴሽን አፈርሳለሁ አለች። ጃፓን ቃል አፈረሳችሁ አለች። ፕሬዚዳንት ሊ ጄ-ምዩንግ በ2025 ስምምነቱ ለኮሪያውያን ለመቀበል የሚከብድ ቢሆንም የአገር ቃል ስለሆነ መገልበጡ ተገቢ አይደለም ብለዋል።

ሐውልቱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። በታኅሣሥ 2011፣ ሴቶቹና ደጋፊዎቻቸው ከጥር 1992 ጀምሮ በየረቡዕ የሚያደርጉት ሰልፍ 1,000ኛው ላይ ሲደርስ ነው የቆመው። ሀንቦክ የሚባለውን የኮሪያ ባህላዊ ልብስ የለበሰች ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ያለ ወግ ተቆርጧል። እጇን ጨብጣለች። ትከሻዋ ላይ ወፍ አለች። ባዶ እግሯን ናት፣ ተረከዟም መሬት አይነካም፤ አገሯ ተመልሳም ማረፍ አልቻለችምና። አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ። ወለሉ ላይ ያረፈው ጥላዋ የልጅ አይደለም፣ የጎበጠች አሮጊት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ አንድን መንግሥት ምን ያህል እንደምታስጨንቅ ለማወቅ ኦሳካን ማየት ይበቃል። ሳን ፍራንሲስኮ ተመሳሳይ መታሰቢያ ስላቆመች ኦሳካ 60 ዓመት የቆየውን የእህትማማች ከተማነት በ2018 አፈረሰች።

ነገሩን የጃፓን ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግን እውነቱን ያጎድላል። ብዙዎቹ ደላሎች ኮሪያውያን ነበሩ። ልጃቸውን የሸጡ አባቶች ነበሩ። ሴቶቹ ሲመለሱ በር የዘጋባቸው የገዛ ወገናቸው ነው። ፓርክ ዩ-ሃ የተባሉት ምሁር በ2013 ይህን የኮሪያውያንን ድርሻ አንስተው ቢጽፉ ስም በማጥፋት ተከሰሱ። በብዙ ነገራቸው አልስማማም። በተለይ በሴቶቹና በወታደሮቹ መካከል የጓድነት ስሜት ነበር የሚለው ያሳምመኛል። ግን ለመጽሐፍ መልሱ መጽሐፍ እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም። በመጨረሻ ነፃ ወጥተዋል። በ2020 ደግሞ ከእማማዎቹ አንዷ ሊ ዮንግ-ሱ ራሳቸው ተነስተው፣ ለሠላሳ ዓመት የታገለላቸውን ድርጅት «ተጠቀማችሁብን» አሉት። መሪዋ የነበረችው ዩን ሚ-ህያንግ የእርዳታ ገንዘብ አላግባብ በመጠቀም ተፈረደባት። ካጆች አጨበጨቡ። የሊ ዮንግ-ሱ ቅሬታ ግን ለካጆች የተነገረ አልነበረም። ስለ እኔ እኔን ጠይቁኝ ነው ያሉት።

ሌላም አለ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በግንቦት 1951 ፑሳን ሲወርዱ ያ የጃፓን ጦርነት ካበቃ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚያው በኮሪያ ጦርነት ወቅት የኮሪያ ጦር ራሱ ለወታደሮቹ «ልዩ የማጽናኛ ክፍል» አቋቁሞ ነበር። ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፤ ጦሩ ራሱ በ1956 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ዙሪያ ለነበሩት ሴቶችም መንግሥት በግዳጅ ምርመራ ያደርግ፣ የታመሙትን ይዘጋባቸው፣ ዶላር ስለምታስገቡ አርበኞች ናችሁ እያለ ይሰብካቸው ነበር። በመስከረም 2022 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። አንዳንድ ጃፓናውያን ይህን የሚያነሱት «እናንተም አድርጋችኋል» ለማለት ነው። እኔ ከውሳኔው የማነበው ሌላ ነው። ገመድ ባይኖርም መንግሥት ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል ኮሪያ በራሷ ላይ ፈርዳ አሳይታለች።

ጃፓንን በተመለከተ በጥር 2021 የሶል ፍርድ ቤት ለ12 ከሳሾች እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ዎን እንድትከፍል ፈርዷል። በኅዳር 2023ም ሌላ ፍርድ ቤት ለሌሎች ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 200 ሚሊዮን ዎን ፈርዷል። ጃፓን ግን አንድ ሉዓላዊ አገር በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም ብላ ችሎት ላይ እንኳ አልቀረበችም። እስካሁን አልከፈለችም። ከ12ቱ ከሳሾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፍርዱን ሳይሰሙ አርፈዋል።

ቤ ቦንግ-ጊም የኦኪናዋ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አገኙ። የሞቱት እዚያው ናሃ ውስጥ፣ በጥቅምት 1991 ነው። ኪም ሃክ-ሱን ካሜራ ፊት ከተቀመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነበር።